ከላይ የሚመጣ ንፋስ አይመታም

እናቴና አባቴ በአንድ መኪና ተሳፍረው በሰላም ጌዶ የሚደርሱት ሰንሩፍ፣ ማለት የሚከፈት የጣራ መስኮት፣ ሲኖር ብቻ ነው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ግን ያን ክረምት ካሳለፍኩ በኋላ መሳቁን ትቻለሁ።

እናቴን መኪና አይስማማትም። ከምንኖርባት ከአምቦ ጉደር ቅርብ ነው፤ እሱን እንኳ ሎሚ እያሸተተች፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ነው የምትሄደው። አየር ካገኘች ግን ምንም አትሆንም። መስኮት ከፍታችሁ ንፋሱ ፊቷ ላይ ይምጣ እንጂ ነቀምት ድረስ ብትወስዷት እያወራች ትሄዳለች። አባቴ ደግሞ ንፋስ ይፈራል። በዚህ አገር ንፋስ የማይፈራ ተሳፋሪ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሰው በጠራራ ፀሐይ በታፈነ አውቶብስ ውስጥ እያላበው “መስኮቱን ዝጊው እባክሽ” ይላል። የአባቴ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በወጣትነቱ የግብርና ሠራተኛ ሆኖ ካቺሲ ተመድቦ ሳለ፣ አንድ ቀን በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጦ በጎጆ ከተማ በኩል በብርድ መጣ። በማግስቱ ግማሽ ፊቱ ተጣሞ ተነሳ። አንድ ዓይኑ አልጨፈን አለ፤ ሻይ ሲጠጣ በከንፈሩ ጥግ ይፈስበት ነበር። እስኪመለስለት ወራት ፈጀ። ሐኪሙ የነርቭ ነው ቢለውም ሰው ሁሉ ንፋስ መታው አለ፣ እሱም ከሰው ጋር ተስማማ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ባለበት መኪና ውስጥ የጣት ስፋት እንኳ መስኮት አይከፈትም።

እንግዲህ አስቡት። አንዷ አየር ካላገኘች ታስታውካለች፣ አንዱ አየር ካገኘው ፊቱ የሚጣመም ይመስለዋል። ጸቡ በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል። ልጅ ሆኜ ከእነሱ ጋር መንገድ መሄድ ስለምጠላ በዓል በመጣ ቁጥር ሆዴን አመመኝ እል ነበር።

መንገዱ ደግሞ የማይቀር ነው። ጌዶ የእናቴ ታላቅ እህት አለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እናቴን ያሳደገቻትም የዳረቻትም እሷ ናት። ለእናቴ እህትም እናትም ናት፤ ለአባቴም አማቱ ናት ማለት ነው። እናቴ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ እሷን ለማየት ስትል ያን ሁሉ ስቃይ ትችለው ነበር። ስትደርስ ግማሹን ቀን ተኝታ ታሳልፋለች፤ ልታወጋ ቀና ስትል የመመለሻ ሰዓት ይደርሳል።

ኮሮና ካለፈ በኋላ፣ በመምህርነት ደመወዝ ስቆጥብ ኖሬ፣ ያገለገለች ነጭ አውቶሞቢል ገዛሁ። ስገዛት ሞተሯን አስመረመርኩ፣ ጎማዋን አየሁ። ጣራዋን ቀና ብዬ ያየሁ አይመስለኝም። መጀመሪያ ወላጆቼን ይዤ ወደ ጌዶ የወጣሁ ዕለት እናቴ ከኋላ ማቃሰት ስትጀምር ደንግጬ፣ መብራት የማበራ መስሎኝ ከራሴ በላይ ያለውን አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ጣራው እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ። ሰማይ ታየ። አየሩ ከላይ ገባና እናቴ ወደ መሐል ተጠግታ አገጯን ቀና አድርጋ ተነፈሰች።

እኔ የጠበቅኩት ጩኸት ነው። አባቴ ግን ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ወደ ላይ ያይ ነበር። እስኪመታው እየጠበቀ መሆኑ ነው። ረጅም መንገድ እንዲያ ሆኖ ተጓዘና፣ ፊቱ እንዳለ መሆኑን በመስታወቱ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ፍርዱን ሰጠ።

“ከላይ የሚመጣ ንፋስ አይመታም። የሚመታው ከጎን የሚመጣው ነው።”

ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ምን ቆርጦኝ እከራከረዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጌዶ መሄድ ልማዳችን ሆነ። እናቴ በመንገድ ላይ ስታወራ፣ አባቴ ስለ ጤፉና ስለ ስንዴው ማሳ አስተያየት ሲሰጥ፣ እኔ ስነዳ፣ እንደ ሰው ቤተሰብ ሆንን። አክስቴ አናቷ ላይ በር ያላት መኪና እያለች ትስቅብን ነበር። የመኪናዋን ድምፅ ለይታ ስለምታውቀው ገና ሳንቆም ደጅ ወጥታ ትጠብቀናለች። እናቴ ከመኪና ወርዳ ቀጥታ ወደ አልጋ መሄዷን ተወች።

ከዚያ ሰኔ ገባ።

መጀመሪያ አባቴ ጉልበት ላይ ጠብ አለ። ጠብታዋን አየና ወደ ላይ አንጋጠጠ፤ ሌላ ግንባሩ ላይ አረፈችበት። በሳምንቱ የመኪናዋ ኮርኒስ ጥግ ጥጉ ቡና የፈሰሰበት መሰለ። ከዚያ ደግሞ በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቶ አገኘሁ። መኪናዋ እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ጆንያ መሽተት ጀመረች።

አምቦ ውስጥ ሰው ወደ መራልኝ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለ ጋራዡ መኪናዋን ከማየቱ በፊት እኔን አየና ባለቤቴ እንዳለ ጠየቀኝ። የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ አልኩት። ጣቱን በመስታወቱ ዳር ዳር አዙሮ “ይደፈናል” አለ። ይህችን ቃል ያን ክረምት ስንቴ እንደሰማኋት። በእኛ አገር የሚያፈስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቧንቧ ይሁን ጣራ፣ በርሜል ይሁን በጀት፣ ይደፈናል። እኔ የምፈልገው እንዲከፈት ነው፤ ሲዘጋ እንዳያፈስ፣ ስፈልግ ግን እንዲከፈት ነው ብዬ ደጋግሜ ነገርኩት። “ራኮ ሂንቀቡ፣ ቲቸር” አለኝ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ችግር የለም ሲባል መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ስመጣ መስታወቱን ዙሪያውን በሲሊኮን አጥሮታል። ገንፎ ላይ ቅቤ እንደሚደረገው ጥቅጥቅ አድርጎ። ቁልፉን ስጫን ከላይ የሆነ ነገር ያጉረመርማል እንጂ ጣራው ንቅንቅ አይልም። አይከፈትም እኮ አልኩት።

“አሁን ክረምት ነው፣ ቲቸር። እስከ መስከረም ምን ሊያደርግልሽ ትከፍችዋለሽ?”

የእናቴን ሆድና የአባቴን ጉንጭ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ከፍዬው ነዳሁ። ያን ዕለት ማታ ዝናብ ዘነበ፤ ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃው ከበፊቱ በልጦ ተኝቷል። አሁን መኪናዋ አትከፈትም፣ ታፈሳለችም።

ልክ በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከጌዶ ደወለች። አክስቴ አልጋ ይዛለች። እንዲህ አስደንጋጭ አይደለም፣ ግን እህቴ የት ቀረች እያለች በየቀኑ ትጠይቃለች አለችን። እናቴ ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች፣ ለእህቷ የምትወስደውን በሶ አዘጋጀች፣ ከዚያ መጥታ መቼ እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ሰንሩፉ እንደተሠራ አልኳት። አባቴም ይሠራና አብረን እንሄዳለን አለ። ያኔ ነገሩ የሁለት የሦስት ቀን መስሎን ነበር።

ሰንሩፉን ሳንጠብቅ ልንሄድ እንደምንችል አልጠፋኝም። እናቴን አባዬ ቤት ይቅርና አንቺና እኔ መስኮታችንን ከፍተን እንሂድ አልኳት። አማቱ ታማ ሚስቱን ብቻዋን ሰደደ ልታሰኚው ነው ወይ አለችኝ። እሱ ራሱም የሚቀር ሰው አይደለም። እሺ፣ እሱን ልለምን ብዬ ሄድኩ። መስኮቱን የጣት ስፋት፣ የኋላውን ብቻ፣ አንተ ደግሞ ጋቢህን ተከናንበህ አልኩት። እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ አዳመጠኝ።

“በዚህ ዕድሜዬ ቢጣመም የሚመለስ ይመስልሻል?” አለኝ።

ማፌዝ አልቻልኩም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ግን ተናደድኩ። በሁለቱም ተናደድኩ።

አንድ እሑድ እናቴን በሚኒባስ ለመውሰድ ሞከርኩ። አባቴ በሌላ ሚኒባስ ሊከተለን ተስማምቶ ነበር፤ እስቲ እዚህ ድረስ የወረደ ቤተሰብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴን መስኮት ሥር አስቀምጬ መስኮቱን ከፈትኩላት። ገና ከተማውን ሳንወጣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ልጁን ብርድ ይመታብኛል አለች። ዝጊው ተባለ። እናቴ ታማለች ብል ማን ይሰማኛል፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ከሕፃኑ ጋር ቆመ። አንዱ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ራሱ ዘጋው። ጉደር ስንደርስ ሾፌሩ ወንበሬን አበላሸሽብኝ ብሎ አወረደን። እናቴ መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ጋደም አለች። አባቴ ከአምቦ ሳይነሳ ደውዬለት በባጃጅ ተመለስን። በባጃጅ ደግሞ ምንም አልሆነችም፤ በግራና በቀኝ ንፋሱ እየገባ መንገዱን ሁሉ ስትስቅ መጣች። ባጃጅ ጌዶ ድረስ ቢጭን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በማግስቱ መኪናዋን ባትላሜራ የሚሠራ ሰው ጋ ወሰድኳት። እሱ ገና ሳያያት ፈረደባት። ሰንሩፍ ለአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ለዚህ አገር ዝናብ አይሆንም፤ መስታወቱን አውጥተን ላሜራ እንምታበትና ቀለም እንቀባው፣ እንደነበረም አይታወቅ አለኝ። ያማ ከሆነ ቀዳዳው ለዘላለም ተደፈነ ማለት ነው። እንዲህ እንዳያደርግብኝ አጠገቡ ቆሜ ሲሊኮኑን ብቻ አንሳልኝ አልኩት። በቢላዋ ጀመረ። ቢላዋው ሲያስቸግረው ካቻቢቴ አመጣ። ከመስታወቱ ሥር ሰዶ ወደ ላይ ሲፈነቅለው ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

“ጭረት ናት” አለኝ።

ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ቆመን ጭረት ናት አይደለችም ተከራከርን። ቀጥሎ ደግሞ ቀድሞም ነበረች አለኝ። ያን ቀን ጮኼበታለሁ፤ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እስኪያይ ድረስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ሳልቸኩል ነው ያፈሰስኩት፣ የምለቅመውም አላገኘሁም።

አዲስ አበባ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ግርግር ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ዞሬ የሰንሩፍ መስታወት ያለው ሰው አገኘሁ። ሞዴሉን ነገርኩት። በደረቱ አቅፎ አንዱን አመጣና “ይገጥማል” አለኝ። ልኬቱን ጽፌ ይዤ ነበር፤ እንለካው ስለው ተቀየመ። እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ነኝ፣ ሞዴሉ አንድ ነው፣ ይገጥማል አለ። መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በአውቶብስ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አምቦ አመጣሁት። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ከመኪናዋ ጣራ ላይ ስናደርገው የጣት ስፋት አነሰ።

የጣት ስፋት። አባቴን የለመንኩት ያህል።

ልመልሰው ስደውል ሰውዬው ትክክለኛው በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ፤ የአዲስ አበባ መኪና መምጣት አቁሞ ሰነበተ። ሲከፈት ደግሞ ዕቃው ጉምሩክ ነው ተባልኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የአክስቴ ልጅ መደወሏን አላቆመችም። አክስቴ ዛሬም በየትኛው ቀን ይመጣሉ ብላ ጠየቀች ትለናለች። በማግስቱም ያንኑ ጠየቀች ትላለች። ሲመጡ የሚቆርሱት ዳቦ ይጋገር ብላ አዛ ነበር ትላለች። እናቴ መጀመሪያ እንዲህ በሏት፣ እንዲያ በሏት እያለች መልእክት ትልክ ነበር። ቆይታ መላኩን ተወች። መኪናዋ መቼ እንደምትሠራም መጠየቅ አቆመች። ይህን ነው መቻል ያቃተኝ። ብትቆጣኝ፣ ምን ዓይነት መኪና ነው ያመጣሽብን ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ያጠበችውን ነጠላ እንደገና ታጣጥፋለች። አባቴ በበኩሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሬድዮውን ያዳምጣል። በልቤ ሁለቱንም፣ ጋራዡንም፣ ሶማሌ ተራንም፣ ዝናቡንም ረገምኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣ አለች። የተሰነጠቀው መስታወት ወርዶ ስለነበር መኪናዋ አናቷ ክፍት ነው፤ በላስቲክ ነው የምንሸፍናት፤ በየቀኑ በሚዘንበው ዝናብ እንዲያ ገልጠናት መንገድ መውጣት አይታሰብም። ላስቲኩን ገልጬ ወንበር ላይ ቆምኩና ውስጡን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። በመክፈቻው ዙሪያ ጠባብ ቦይ አለ። ውሃ ለካ በመስታወቱ ዳር ሲገባ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ማንቆርቆሪያ አምጥቼ ውሃ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ቦዩ ሞላ፣ ሞላና ወደ ውስጥ ወደ ወንበሩ ገነፈለ። ታዲያ የመኪና ሠሪ እንዲህ ያለ ቦይ መውጫ ሳያበጅለት እንዴት ይሠራል ብዬ ጎንበስ ስል በአራቱም ማዕዘን ጥቁር ነገር አየሁ። በፀጉሬ መርፌ ጫርኩት። ተጣበቀብኝ። አሸተትኩት።

ቅጥራን ነው።

ያን ቅጥራን አውቀዋለሁ። አባቴ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባ መሰላል አስደግፎ ቤታችን ጣራ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮው ምስማር የተመታበትን ቦታ ሁሉ እየዞረ፣ ላላ ያለ ወይም የተቦረቦረ ካየ በጨርቅ ቅጥራን እየቀባ ይደፍናል። ቤታችን ጠብ ብላ አታውቅም። በሰፈሩ ጣራቸው የሚያፈስባቸው ሰዎች እሱን ነው የሚያማክሩት። ጠራሁት። ወጥቶ መጣ፣ ወደ ጠቆምኩት ጥግ አየና አላፈረም፤ እንዲያውም ደስ አለው።

“እኔ ነኝ” አለ። “ቤቱን ስቀባ ተርፎኝ ነው። እዚህም እዚያም ቀዳዳ አየሁ፣ ሲሠሯት ረስተውት ይሆናል ብዬ ደፈንኩልሽ።”

ሰው አንድ ቀዳዳ ይረሳል። አራት ቀዳዳ፣ በአራት ማዕዘን፣ ልክ በልኩ አድርጎ ይረሳል ወይ? ግን ለአባቴ ጣራ ጣራ ነው። ጣራ ላይ ቀዳዳ ካለ ጥፋት ነው፤ ጥፋት ደግሞ ይደፈናል። ውሃ ማስወጫ የሚባል ቀዳዳ ያለው ጣራ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ እኔም እስከዚያች ሰዓት አላየሁም። ቅጥራኑን በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ አወጣሁት። ማንቆርቆሪያውን እንደገና ሳፈስ ውሃው ቦዩ ውስጥ አልቆመም። ከፊትና ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ኩልል ብሎ መሬት ወረደ። አንድ ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባም።

መኪናዋ ምንም አልነበራትም። ሲሊኮን አላስፈለጋትም፣ መስታወት አላስፈለጋትም፣ ሶማሌ ተራ አላስፈለጋትም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ የውሃውን መሄጃ ሳናይ ሁላችንም ስንደፍን ከረምን። ደረጃው ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። አባቴ እንዲህ አድርጎ ማልቀስ ምን ይባላል፣ ይኸው ተገኘ አይደል አለና እጁን ሊታጠብ ገባ።

ተገኘ፤ መስታወቱ ግን የለም። አንድ አናጺ ኮምፔንሳቶ ቆርጦልኝ በክፍቱ ላይ አድርገን ላስቲክ አለበስነው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አጣበቅነው። አያፈስም። አይከፈትምም።

በነጋታው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነው። ከቻላችሁ ዛሬውኑ ኑ አለች። እናቴ በሶዋን እንኳ ሳታነሳ መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ ፊት ወንበር ገባና በሩን ዘጋ። መስኮቶቹ እንደ ወትሯቸው ተዘግተዋል። ሞተሩን አስነስቼ ነዳሁ።

ጉደርን አልፈን ዳገቱን እንደያዝን ከኋላ ያን የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። በመስታወቱ ሳያት ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ላቆም ነው፣ ትንሽ እንውረድና ታርፊ አልኳት። እጇን አወዛወዘችብኝ፤ ሂጂ፣ አትቁሚ ማለቷ ነው። ወደ አባቴ አልዞርኩም። ምን ልለው ነው?

ትንሽ እንደተጓዝን ከጎኔ የመስኮት ሞተር ድምፅ ሰማሁ። አባቴ የራሱን መስኮት እያወረደው ነበር። ግማሽ ላይ ያቆማል ብዬ ነበር፤ እስከ ታች አወረደው። ጋቢውን በራሱ ላይ ጠቀለለ፣ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰና ቀጥታ መንገዱን ማየት ጀመረ። ንፋሱ ገባ። የዝናብ ሽታ ያለው፣ ብርዳም፣ ከጎን የሚመጣ ንፋስ። እናቴ ወደ ፊት ተጠግታ ግንባሯን በእሱ መቀመጫ ትከሻ ላይ አስደግፋ መተንፈስ ጀመረች።

ደስ ይለኛል ብላችሁ ከጠበቃችሁ አልሆነም። መሪውን ጣቶቼ እስኪያሙኝ ጨበጥኩት። የመስኮቱ ቁልፍ እኮ ከእጁ ሥር ነበር። ያን ሁሉ ጋራዥ ስዞር፣ ያን መስታወት ታቅፌ ስመጣ፣ እናቴ ሣር ላይ ስትተኛ፣ ያ ቁልፍ ከክንዱ ሥር ነበር፤ መጫን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ጌዶ እስክንደርስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ፊቱ ለማየት አልፈለግኩም። በኋላ ሳየው እንደነበረ ነው። ምንም አለመሆኑ ራሱ አበሳጨኝ።

ጌዶ ስንደርስ ደጅ የወጣ ሰው አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አካም ጂርቱ ብለው ሰላም ሲሉን በዝቅታ ነው። አክስቴ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው። እናቴ ሮጣ ተንበረከከችና እጇን ይዛ በኦሮምኛ ጠራቻት፣ መጥቻለሁ አለቻት። አክስቴ አየቻት። እንግዳ ሰው ሲገባ እንደሚታይ፣ በትሕትና አየቻትና ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። እናቴ እንደገና ጠራቻት፤ በልጅነታቸው በሚጠራሩበት ስም ጠራቻት። አልዞረችም።

የአክስቴ ልጅ እስከ ሐሙስ ሰው ታውቅ እንደነበር ነገረችን። እስከ ሐሙስ መጡ ወይ እያለች ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ትራሷ ላይ ቀና ትል ነበር። ሐሙስ ከሰዓት መጠየቋን ተወች፣ አርብ የራሷን ልጅም አላወቀቻት። ይህን ስትነግረን ልትወቅሰን ብላ አልነበረም። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ማንኛውም ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀች።

“ማልቱ ኢሲን ቱርሲሴ?” አለች። ምን አቆያችሁ?

የምመልሰው እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። ከየት ልጀምር? ሲሊኮኑን ልናገር? መስታወቱ የጣት ስፋት አነሰብን ልበል? በዚያ አልጋ አጠገብ ቆሞ የመኪናችን ጣራ ያፈስ ነበር የሚል ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ክፍሉ ሁሉ መልስ ይጠብቃል።

አባቴ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነበር። ጋቢውን ከራሱ ላይ አላወረደም።

“እኔ ነኝ ያቆየኋት” አለ። “ንፋስ ፈርቼ ነው።”

የአክስቴ ልጅ ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ጀመረችና፣ ፊቱን ስታይ ተወችው።